አስፋልቱ እንዳይጎዳ

ከአስፋልት ላይ ቀለም ለማንሳት አራት መንገድ አለ። ሦስቱ አስፋልቱን ይጎዳሉ። በእሳት ካቃጠልከው ቀለሙ ይነሳል፤ ግን ሬንጁም አብሮ ይለሰልስና የጫማህን ቅርጽ እንኳ ይዞ ይቀራል። በአኳራጅ ካሸኸው ቀለሙን የሚያሟሟው ያው ፈሳሽ ሬንጁንም ያሟሟዋል፤ ጠጠሩ እንደ በሰበሰ ጥርስ እየተነቀለ ይወጣል። በግራይንደር ከፈጨኸው ቀለሙ ብን ብሎ ይጠፋል፣ ቦታው ግን ይጎደጉዳል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ውሃ የቋጠረ አስፋልት ደግሞ ክረምቱን አይዘልቅም። አራተኛው ውሃ ነው። በግፊት የሚወጣ ውሃ፣ ከደቃቅ አሸዋ ጋር፣ በትዕግሥት። ትዕግሥት የሌለው ሰው እሱንም መቆፈሪያ ያደርገዋል።

ይህን የምጽፈው ሙያ ላስተምር ብዬ አይደለም። ሙያው ይቅርባችሁ። ግን ቡራዩ ላይ ምን እንዳጠፋንና እንዴት እንዳጠፋነው ለመናገር ይህን ሳያውቁ አይሆንም። መጻፍ የመጣልኝ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ነገር አሳምሬ መዞር አልችልበትም። በቀጥታ እናገራለሁ።

ሥራዬ መጀመሪያ መቀባት ነበር። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ አዲስ አበባን ዙሪያዋን እየዞርን መንገድ ላይ መስመር የምናሰምር የቀን ሠራተኞች ነበርን። ክር እንወጥራለን፣ ኖራ እንነሰንሳለን፣ ሮለር እንገፋለን። ዜብራ፣ የመሀል መስመር፣ የመኪና ማቆሚያ። ፊደል ያለበት ሥራ ሲመጣ ካቦው፣ ማለትም የቡድናችን አለቃ፣ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ቅርጽ አስፋልቱ ላይ ያነጥፍልንና በላዩ እንቀባለን። ቆርቆሮው ሲነሳ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ምን እንደሚል አናውቅም፤ አንጠይቅምም። ማንም ከሮለር ገፊ ጋር ስለ ጽሑፍ አያወራም።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ወሬ መጣ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬውን መሬት ልትውጠው ነው ተባለ። ገበሬው ፈራ፣ የገበሬው ልጅ ተቆጣ። እኔ መሬት የለኝም፣ አባቴም አልነበረውም፤ ስለዚህ ማንም የእኔ ወገን ነው ብሎ አልቆጠረኝም። ድንጋዩ ግን ደርሶኛል፣ ጭሱም ደርሶኛል። ልጆቹ መንገድ ይዘጋሉ፣ ጎማ ያቃጥላሉ። ከዚያ ነጭ የዘይት ቀለም በባልዲ ይዘው ይወጡና አስፋልቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይጽፋሉ። ወታደር ሲመጣ ይበተናሉ። እነሱ ሲበተኑ እኛ እንጠራለን። የመቀባት ሥራ ቀረና የማጥፋት ሥራ ተተካ።

የመጀመሪያው ሰበታ ላይ ነበር፣ ከፋብሪካዎቹ አለፍ ብሎ። እኔና አንድ ጓደኛዬ ተመደብን። ጓደኛዬ የዚያው የሰበታ ገጠር ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ ይቀልዳል፣ በአማርኛ ይሳደባል። ሁለታችንም ማይም ነን። አኳራጅ በጠርሙስና ሽቦ ብሩሽ ተሰጠን። ካቦው ቀለም የሌለበትን እንዳትነኩ፣ አስፋልቱ እንዳይጎዳ ብሎ አስጠነቀቀን። አልነካንም። ተንበርክከን የእያንዳንዱን ፊደል ጠርዝ ተከትለን፣ በኩርባው ኩርባውን፣ በቀጥታው ቀጥታውን፣ ጥቀርሻ የያዘ ድስት እንደሚፈትግ ሰው ነጩን ብቻ አነሳን። ስንጨርስ ከወገባችን ቀና አልንና አየነው፤ ነጭ የሚባል ነገር የለም። ረካን።

በማግስቱ ዝናብ አጥቦት ስንደርስ ጽሑፉ ቁጭ ብሎ ጠበቀን። አሮጌ አስፋልት በጥቀርሻና በመኪና ዘይት የጠቆረ ነው። እኛ የፈተግነው ብቻ ፈክቶ፣ ጠጠሩ እየታየ፣ ፊደሉ ከበፊቱ ይልቅ አምሮ ወጥቷል። ቀለሙን አንስተን ጽሑፉን ቀርጸነው ነው የሄድነው። ቀለም ቢሆን ዓመት ሳይሞላው ይላጣል፤ ይኼ አይላጥም። ማንበብ የሚችል ሰው ይህን ስህተት አይሠራውም ነበር። ፊደሉን ዘሎ ቃሉን ያያል፣ ቃሉ እንዳይነበብ ያበላሸዋል። እኛ የምናየው ቅርጽ ብቻ ስለሆነ ቅርጹን ጠበቅን።

ሁለት ጎረምሶች ቆመው አነበቡት፣ ከዚያ ብሩሹን በእጃችን አዩ። አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እጅ ጽሑፍዎ ያምራል» አለኝ። ሌላኛው በኦሮምኛ «ገለቶማ»፣ እናመሰግናለን፣ ብሎ ጎንበስ አለልን። ጓደኛዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ አንድ ሹም ከመኪናው እየወረደ ነበር።

ሹሙ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ማንም አልነገረንም። ኮት ለብሷል፣ ሁለት ፖሊስ ከኋላው አሉ፣ ያ ይበቃል። ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ ጓደኛዬን ምን ይላል ብሎ ጠየቀው። ጓደኛዬ አላነብም አለ። በጥፊ አጮለው። ወደ እኔ ዞረና ያንኑ ጠየቀኝ፤ እኔም አላነብም አልኩ። እኔን አልመታኝም። ፊቴን ትንሽ ሲያየው እውነት መሆኑ ገባውና ደስታ የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ መጣ። ለካቦው «ከዛሬ ጀምሮ እነዚህን ነው የምትልከው» አለው። «የሚያነብ ሰው እየፋቀ ያነባል።»

ከቡድናችን ስምንተኛ የጨረሱ፣ አሥረኛን ወድቀው የመጡ ልጆች ነበሩ። በዚያው ሳምንት ተባረሩ። እኔና ጓደኛዬ ባለማንበባችን እንጀራችን ጸና። በሕይወቴ ማይምነት የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ካቦው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፣ ፈሪ ደግሞ ያስባል። ሲያስብ ሰንብቶ ዘዴውን አገኘው። ፊደል ለማጥፋት ፊደሉን መከተል አይደለም። በዙሪያው በኖራ ሰፊ አራት ማዕዘን ታሰምርና ፊደሉንም ፊደል ያልሆነውንም እኩል ታጥባለህ። የሚቀረው የታጠበ ሣጥን ነው፣ ቃል አይደለም። ቡራዩ ላይ ላቫጆ ያለው አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄደን የመኪና ማጠቢያ ፓምፑን ተዋስን። ሰውየው ለምን እንደምንፈልገው ያውቃል፣ እምቢ ቢል ቤቱ እንደሚታሸግም ያውቃል። ቱቦውን ጠቅልሎ ሰጠን። ከዚያ ወዲህ ያጠፋነው ሁሉ ጠፋ።

ቡራዩ ላይ የጠበቀን ግን መፈክር አልነበረም።

በሆለታ መንገድ ላይ፣ ከአንድ ጎሚስታ ፊት ለፊት፣ አንድ ወጣት በጥይት ተመትቶ ወድቆ ነበር። ጓደኞቹ የወደቀበት ቦታ ላይ ስሙን በነጭ ቀለም ጻፉ፣ ከጎኑም የተቃውሞው ምልክት የሆኑትን የተጣመሩ ሁለት እጆች ሳሉ። ሬሳው ለቤተሰቡ ሲሰጥ በጠዋት ቅበሩ፣ ድንኳን አትጣሉ፣ ለቅሶ እንዳይታይ ተብሏል። ድንኳን ያልተጣለለት ልጅ እናት የት ይቀመጡ? መንገዱ ዳር መጥተው ጎሚስታው ከጣለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ፣ ጽሑፉን ፊት ለፊት እያዩ። ሰው ለሥራ እንደሚያልፍ መስሎ ይመጣል፣ ጎማ የሚያስነፋ መስሎ ትንሽ ይቆማል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እግዜር ያጥናዎት ይላል፣ ይሄዳል። ለቅሶው እንዲያ ነበር የሚደረሰው።

እናትየውም እንደ እኔው አያነቡም። ስሙ ስም መሆኑን ያወቁት የልጁ ጓደኞች ስለነገሯቸው ነው። ቅርጹን ግን ያውቁታል፤ በአየር ላይ በጣታቸው ሲከተሉት አይቻለሁ።

ካቦው ኖራውን ሊነሰንስ ሲል እናትየው በእጃቸው ጠሩኝ። ሄድኩ። የሰበታውን የፋቅኩት እኔ እንደሆንኩ ሰምተዋል፤ ያን ወሬ ያልሰማ የለም፣ ታክሲ ውስጥ ሁሉ ይሳቅበት ነበር። እኔ ነኝ አልኳቸው፣ ሊስቁብኝ መስሎኝ።

«እንደ ሰበታው አርግልኝ» አሉኝ።

አልገባኝም። ቀስ ብለው አስረዱኝ። ፊደሉን ተከትዬ እንድፍቅ፣ ሌላውን እንዳልነካ። ነጩ ከጠፋ ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። «ነጩን ይውሰዱት። የሚቀረው ይበቃኛል። አርባው እስኪወጣ እንኳ።»

ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ እሺ አልክ ብሎ ይጠብቀኛል። አላልኩም። ሹሙ መኪናው ውስጥ መስተዋቱን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል፣ ከወደ አምቦ አንድ ትልቅ ሰው በዚያ ሰሞን ያልፋል ተብሏል። «እማማ፣ አይሆንም፣ ያስሩኛል» አልኳቸው። ካሰሩህ ትፈታለህ፣ የእኔ ልጅ ግን አይመለስም አላሉኝም። እንዲህ የሚሉ እናቶች ያሉት በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ነው። ያሉኝ «እንግዲያው ቶሎ ጨርሱ፣ ላዩ ላይ አትቁሙበት» ነው።

ላዩ ላይ ሳይቆሙ ማጠብ አይቻልም። ቆምንበት።

አሸዋውን በትነን ፓምፑን ለቀቅነው። የቱቦውን አፍ ከአስፋልቱ አራቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ ካስጠጋኸው ጠጠሩን ይነቅላል። ነጩ በስሱ እየተነሳ እንደ አጓት ወደ ቦዩ ወረደ። መጀመሪያ እጆቹ ሄዱ፣ ከዚያ ስሙ ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ አለቀ። ሹሙ ከመኪናው ሳይወርድ አስፋልቱ እንዳይጎዳ፣ አስፋልቱ እንዳይጎዳ እያለ ይጮህ ነበር። ስንጨርስ ወርዶ መረመረው። ከታጠበው መሀል ጣት የምታስገባ ትንሽ ጉድጓድ አገኘ። ጥይት የቦጨቀው ነው፤ በቀለሙ ስር ተደብቆ ነበር።

ሹሙ ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን በጫማው ጫፍ ነካካው። «ይኼን ማነው የጎዳው?» አለ።

ፖሊሶቹ ወደ ሌላ አዩ። እናትየው ከጎማው ላይ ሆነው ይሰማሉ። በመጨረሻ ካቦው ክሪክ ነው ጌታዬ፣ ጎሚስታው መኪና ሲያነሳ ነው አለ። ሹሙ ጎሚስታውን ጠርቶ ሰደበው፣ የመንግሥት ንብረት ነው፣ የሕዝብ ገንዘብ ነው አለው። ጎሚስታው ሁለተኛ አይለመደኝም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ሬንጅ አፍልቼ ጉድጓዱን ደፈንኩ።

ሣጥኑ ግን ቀረ። ከጠቆረው መንገድ መሀል ፈካ ያለ፣ የሰው ቁመት ያለው አራት ማዕዘን። ጓደኛዬ አየውና ስም አጥፉ ብለውን መቃብር ሠራንለት አለ። እንዳለውም ሆነ። በማግስቱ ሰው እርጥብ ሣር ጎዝጉዞበት አገኘነው። ሣሩን ጠረግን። በማግስቱ እንደገና ተጎዘጎዘ። መኪናዎቹም ነገሩን የሰሙት ይመስል ሣጥኑን እየዞሩ ማለፍ ጀመሩ፤ አንዱ ዞሮ ሲያልፍ የኋለኛው ይከተላል። ባዶ ቦታ ላይ መንገድ ተጣመመ።

ሹሙ ከዚህ በኋላ ያመጣው ሐሳብ ብልጠት ነበር፣ አልክድም። ዜብራ ቀቡበት አለ። ዜብራ ሕጋዊ ቀለም ነው። ሰው በላዩ ይሄዳል፣ መኪና በላዩ ያልፋል፣ ማንም ሣር አይጎዘጉዝበትም። ክር ወጥረን፣ ከጎሚስታው የብረት ምሰሶ ለክተን፣ ቀባን። ቀለሙ ሳይደርቅ እናትየው መጡ። ከዳር ቆመው ነጮቹን አንድ በአንድ አዩና ጠሩኝ።

«ከየትኛው ሥር ነው?»

ካቦው ከሩቅ በዓይኑ ዝም በል አለኝ። ከየትኛውም ሥር አልነበረም። ክሩ እንዲያ ወድቆ የተመታበት ቦታ በሁለተኛውና በሦስተኛው ነጭ መሀል፣ ቀለም ያልነካው ጥቁር ላይ ነው የቀረው። እንደዚያው ነገርኳቸው። ደግነት አይደለም። ጠየቁኝ፣ የማውቀውን መለስኩ። ክሩንም እኔ አልወጠርኩትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየው ጎማው ላይ መቀመጥ ተዉ። ወደ ዜብራው ገብተው ጥቁሩ ላይ ይቆማሉ። ፖሊሱ ዜብራ መሻገሪያ ነው እንጂ መቆሚያ አይደለም ብሎ በክንዳቸው ይዞ አወጣቸው። ስለዚህ ተሻገሩ። ከዚህ ወደዚያ ይሻገራሉ፣ ከዚያ ወደዚህ ይመለሳሉ፣ ጥቁሩ ላይ ሲደርሱ እርምጃቸው ይከብዳል፣ ግን አይቆሙም። ፖሊሱ የሚከለክልበት አጣ። ሹፌሮቹ ግን አልራሩላቸውም። ያበደች አሮጊት ያላቸው አለ። አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «እማማ፣ ይወስኑ እንጂ፣ ወዲህ ነዎት ወዲያ?» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ልጃቸው እዚያው የወደቀባቸው እንደሆነ ከሳቁት ውስጥ የሚያውቅ ሳይኖር አይቀርም። ሰው እያወቀም ይስቃል።

አርባው ደረሰ። ድንኳን የለም፣ ተዝካር የለም። እኛ ከዚያ ብዙ ሳንርቅ የመሀል መስመር እያደስን ነበር። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየአቅጣጫው መጡ። እናትየው ፊት ቀደሙና ተሻገሩ። ሴቶቹ ተከተሏቸው፣ አንዷ ከአንዷ ኋላ፣ በሰልፍም አይደለም፣ እንዲያው መንገድ እንደሚሻገር ሰው። ከወዲያኛው ዳር ሲደርሱ ዞረው ተመለሱ። እንደገና ተሻገሩ። አንዲትም ድምፅ አላወጣችም፤ ለቅሶ ተከልክሏል፣ መሻገር አልተከለከለም። ከመርካቶ የጫነውም ከሆለታ የመጣውም መኪና ቆመ። ጡሩንባው ጆሮ ይበጥሳል። ጓደኛዬ ሮለሩን አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀና ተሻገረ። ተሻግሮም አልተመለሰም፤ ከማዶ ፖሊሶቹ ያዙት። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ሰበታ ሄጄ ቤቱን ብጠይቅ የት እንዳለ አናውቅም አሉኝ፣ እኔንም በጥርጣሬ አዩኝ።

ሹሙ በማግስቱ መጣ። መሬት መሬት እያየ «ዜብራው ይነሳ» አለ። ከዚያ የተለመደውን ጨመረበት፤ አስፋልቱ እንዳይጎዳ።

በዚያን ጊዜ በአገሩ ከእኔ የተሻለ አጥፊ አልነበረም፣ ይህን ያለ ኩራትም ያለ ኀፍረትም እናገራለሁ። ዜብራውን ብቻ ባነሳ የታጠበ ዜብራ እንደሚቀር አውቃለሁ። ሣጥን ባሰምር መቃብሩ ይሰፋል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር፣ ከጎሚስታው በላይም ከጎሚስታው በታችም፣ መንገዱን እንዳለ አጠብኩት። ሲደርቅ ከጋራዥ ያመጣሁትን የተቃጠለ ዘይት ከመንገድ አቧራ ጋር አዋህጄ በመጥረጊያ በስሱ ቀባሁት። በዛ ካለ ሬንጁን ያላላዋል፤ በስሱ ነው። ጫፉን ከአሮጌው ጥቁረት ጋር እስኪመሳሰል ድረስ እያሳሳሁ አወጣሁት። እናትየው ጎማው ላይ ተቀምጠው ከጠዋት ጀምሮ አዩኝ። ስጨርስ ተነሱና እንደ ልማዳቸው ሊሻገሩ ገቡ። ፖሊሱ እዚህ መሻገሪያ የለም ብሎ መለሳቸው። እውነቱን ነው፣ አልነበረም።

እኔ ሱሉልታ ተላክሁ፣ እዚያው ቀረሁ። ማስተር ፕላኑም ቀረ ተባለ። የቀረው ወረቀቱ ነው እንጂ መስፋቱ አይደለም። ሱሉልታ ላይ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ፣ የአማርኛውንም የኦሮምኛውንም። ከቆርቆሮው ላይ ስቀባው የኖርኩት «ትምህርት ቤት» የሚል እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የልጁን ስም ግን አላውቀውም። ሳጠፋው ማንበብ አልችልም ነበር፤ ማንበብ ስችል እሱ የለም። እናትየውን መጠየቅ እችል ነበር ትሉኝ ይሆናል። ያጠፋ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ከብዙ ጊዜ በኋላ ለሌላ ጉዳይ በቡራዩ ሳልፍ ከታክሲ ወረድኩ። ጎሚስታው የለም። ሕገ ወጥ ግንባታ ነው ተብሎ በዶዘር ተጠርጓል፣ የብረት ምሰሶውም፣ አሮጌ ጎማዎቹም፣ ከጎኑ የነበሩት ሱቆችም። መንገዱ ከወዲህም ከወዲያም ገላጣ ሆኗል። እናትየው ግን አሉ። ከዳር ዳር ቀስ እያሉ አስፋልቱን እያዩ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ፣ ቀለበት የጠፋበት ሰው እንደሚፈልገው። አርጅተዋል። ሳያቸው ልዞር ነበር፤ እሳቸው ቀድመው ለዩኝ። ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም።

«መጣህልኝ» አሉ። «ምሰሶውን ከነቀሉት ወዲህ ጠፋብኝ። አንተ ታውቀዋለህ። የት ጋ ነው?»

መንገዱ ላይ ገብቼ ፈለግሁ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ከልቤ ፈለግሁ። የታጠበ የሚመስል ጠርዝ የለም፣ የነጭ ርዝራዥ የለም። በእጄ የደፈንኩትን ጉድጓድ ፈለግሁ። አስፋልቱ ከወዲህ እስከ ወዲያ በተደፈነ ጉድጓድ የተሞላ ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ተተኩሶበታል፣ ብዙ ጊዜ ተደፍኗል። ተንበርክኬ አንዱን በጣቴ ነካሁ፣ ሌላውን ነካሁ። ሁሉም አንድ ናቸው። ተነስቼ ጉልበቴን አራገፍኩ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

«አንተም?» አሉ።

ከሆለታ የሚመጣ የጭነት መኪና ጡሩንባውን ነፋብን፤ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ዳር አወጣኋቸው።